ደንቡን ሳላነብ የነደፍሁት ኮርስ

ያዘጋጀሁት አዲስ ኮርስ ከካሪኩለም ኮሚቴው ሲመለስልኝ ዐሥራ ሰባት አስተያየቶች ተጽፈውበት ነበር። ከዐሥራ ሰባቱ ስለ ትምህርቱ ይዘት የሚናገረው አንድ ብቻ ነው፤ የቀሩት ሁሉ ስለ ክሬዲት፣ ስለ ምዘና ድርሻ፣ ስለ ቅድመ ኮርስ፣ ስለ ማስረከቢያ ቀንና ከዚያ በፊት ትኩረት ሰጥቼው ስለማላውቀው የሥነ ምግባር ፈቃድ ነበሩ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ «እነዚህ ሰዎች የሚወዱት ትምህርት ሳይሆን ቅጽ ነው» ብዬ ለባልደረባዬ እንደተናገርሁ አስታውሳለሁ። ዛሬ ያን አባባል አልደግመውም። ከአስተያየቶቹ ሦስቱ ምናልባት ከንቱ ነበሩ፤ ሌሎቹ ግን ኮርሱ ክፍል ገብቶ ሊወድቅባቸው የሚችሉ ቦታዎችን አስቀድመው ያመለከቱ ነበሩ። እኔ ያረምኋቸው ግን ለማጽደቂያ ያህል፣ በወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ ለዚህም በቀጣዩ ዓመት ዋጋ ከፈልሁ። እንዴት እንደ ሆነ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ኮርስ ለመቅረጽ የተቀመጠ መምህር ቢያንስ የእኔን ስሕተት እንዳይደግም።

ኮርሱ የማኅበራዊ ጥናት ስልትን ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የሚያስተምር ነበር። ሐሳቡ ለዓመታት በውስጤ ሲብላላ የቆየ ስለ ሆነ የዕረፍት ጊዜዬን በሙሉ አዋልሁበት፤ ንባቦቹን መረጥሁ፣ የመስክ ሥራውን ነደፍሁ፣ የየሳምንቱን ርእስ እስከ ምሳሌዎቹ ድረስ ጻፍሁ። የዩኒቨርሲቲውን መተዳደሪያ ደንብ የገለጥሁት ግን ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። እርሱንም አነበብሁት ለማለት ይከብደኛል፤ ቅጹን ለመሙላት የሚያስፈልገኝን ገጽ ብቻ ፈልጌ ዘጋሁት። ቤቱን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ የቦታውን ልክ እንደሚጠይቅ ሰው ነበርሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ የሠራውን ማፍረስ አይቀርለትም።

መጀመሪያ የፈረሰው የጊዜ ሰሌዳዬ ነው። አንድ አዲስ ኮርስ በትምህርት ክፍሉ ጉባኤ፣ በኮሌጁ ካሪኩለም ኮሚቴና በሴኔቱ በኩል ያልፋል፤ ሴኔቱ በዓመት የሚሰበሰበው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ሬጅስትራሩም ለምዝገባ የሚሆነውን የኮርስ ዝርዝር ከመንፈቀ ዓመቱ ብዙ ቀድሞ ይዘጋል። እኔ ሰነዱን ያቀረብሁት ትምህርት ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው ነበር፤ ይህም ማለት አንድ ዓመት ሙሉ መጠበቅ ማለት ነው። ይህን በምክር መልክ ላስቀምጠውና ልለፍ፦ ማስተማር የምትፈልጉበትን ቀን ይዛችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ እያንዳንዱ ጉባኤ መቼ እንደሚሰበሰብና አጀንዳ የሚቀበልበት የመጨረሻ ቀን መቼ እንደ ሆነ ጠይቁ፤ አንድ ጊዜ «ታርሞ ይቅረብ» ተብሎ እንደሚመለስላችሁም አስቀድማችሁ አስቡ።

ብዙ ያስተማረኝ ግን የክሬዲቱ ጉዳይ ነው። ኮርሱ ባለ ሦስት ክሬዲት ነበር። ኮሚቴው ከአስተያየቶቹ በአንዱ «የተማሪው የሥራ ጫና በሰዓት ተሰልቶ ይቅረብ» ብሎኝ ነበርና እየተነጫነጭሁ ብዕርና ወረቀት ይዤ ተቀመጥሁ። በእኛ ደንብ፣ እንደ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ፣ አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት የክፍል ትምህርትና ሁለት ሰዓት ከክፍል ውጭ የሚሠራ ሥራ ነው። መንፈቀ ዓመቱ 15 ሳምንት ስለ ሆነ ለሦስት ክሬዲት የተፈቀደልኝ ጠቅላላ የተማሪ ጊዜ 135 ሰዓት ነበር። የእኔ ዕቅድ ሲሰላ እንዲህ ወጣ፦ ክፍል 45 ሰዓት፤ በሳምንት 60 ገጽ ንባብ፣ በሰዓት 15 ገጽ ቢነበብ፣ 60 ሰዓት፤ የየሳምንቱ አጭር ጽሑፍ 30 ሰዓት፤ አንድ አንድ ሰዓት የሚፈጁ ዐሥር ቃለ መጠይቆች ከነቅጂ ጽሑፋቸው 50 ሰዓት፤ የመጨረሻው ሪፖርት 30 ሰዓት፤ ለፈተና ዝግጅት 20 ሰዓት። ድምሩ 235 ነው። በትክክል አንድ መቶ ሰዓት ከተማሪዎቼ ያለ ፈቃዳቸው ልወስድ ነበር፤ ይህንንም ቢሆን ያኔ ያረምሁት በወረቀት ላይ ብቻ ነው። የቃለ መጠይቁንም ቀለል አድርጌ ነው ያሰብሁት፤ የአንድ ሰዓት ድምፅ ገልብጦ ለመጻፍ አራት ሰዓት የሚበቃው ለሠለጠነ ሰው ነው እንጂ ለጀማሪ አይደለም።

ይህ የሰዓት ስሌት ከየት እንደ መጣ በኋላ ሳነብ ቅሬታዬ ከፊሉ ትክክል እንደ ነበር ገባኝ። በአሜሪካ የካርኔጊ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ ለመክፈል ሲነሣ «ኮሌጅ» የሚባለው የትኛው እንደ ሆነ መለየት ነበረበትና፣ ተማሪዎቹን ሲቀበል የተወሰነ መጠን ያለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚጠይቅ ተቋም እንዲሆን ወሰነ፤ መጠኑ ደግሞ በሰዓት ተለካ፣ አንዱ መለኪያ 120 ሰዓት ሆኖ። ጡረታ ለመክፈል የተበጀው መስፈሪያ ቀስ በቀስ የትምህርት መስፈሪያ ሆነ። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1999 በ29 አገሮች ፊርማ ከተጀመረውና የከፍተኛ ትምህርት ሥርዓታቸውን ለማቀራረብ ከታሰበው የቦሎኛ ሂደት ጋር ያስፋፉት የክሬዲት ሥርዓት ነገሩን ከተማሪው ወገን ስለሚያየው የተሻለ ይመስለኛል፤ የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት 60 ክሬዲት ነው፣ አንዱም ክሬዲት ክፍልንም የግል ጥናትንም ጨምሮ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ይሆናል። ሰዓት መማርን አይለካም የሚለው ክርክር እውነት ነው። ነገር ግን የእኔን ኮርስ ጨምሮ አምስት ኮርስ በአንድ ጊዜ የሚወስደውን ተማሪ ከእኔ ጉጉት የሚከላከልለት ሌላ ምንም አልነበረም። ስለዚህ ሰነዳችሁን ከማቅረባችሁ በፊት ይህን ሒሳብ ራሳችሁ ሥሩት፤ አንዱንም ንባብ እንደ ተማሪ ተቀምጣችሁ ሰዓት ይዛችሁ አንብቡት። እኔ ያን ባደረግሁ ጊዜ «አጭር» ብዬ የመደብሁት ጽሑፍ ሁለት ሰዓት ከሩብ ወሰደብኝ፤ እርሱም ለእኔ ነው፣ ጽሑፉን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ላነበብሁት።

ሌላው አስተያየት ስለ መማር ውጤቶቹ ነበር። «ተማሪዎች የጥናት ስልትን ምንነት ይገነዘባሉ» ብዬ ጽፌ ነበርና «መገንዘባቸውን በምን ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ በጠርዙ ላይ ተጻፈልኝ። ቅጹ እያንዳንዱን ውጤት ከሚለካበት ምዘና ጋር የሚያገናኝ ሠንጠረዥ ነበረው። የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁሩ ጆን ቢግስ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሰፈረው ሐሳብ ማለትም ውጤቱ፣ የክፍሉ እንቅስቃሴና ምዘናው አንድ መስመር መያዝ አለባቸው የሚለው፣ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሆኖ ቀርቷል። እኔም እንደ ሠንጠረዥ ሞላሁት። «ይገነዘባሉ» የሚለውን «ይተነትናሉ» አልሁት፣ ከየምዘናው ጎን ምልክት አኖርሁ፣ ኮሚቴውም አጸደቀው። የኮርሱ ዋና ዓላማ ቃለ መጠይቅ ማድረግን ማስተማር ሆኖ ሳለ የማጠቃለያ ፈተናው የትርጓሜ ጥያቄ ብቻ መሆኑን ያ ሠንጠረዥ ፊት ለፊት ያሳየኝ ነበር፤ አላየሁትም። በቅጽ ላይ ያለ ነገር ሁሉ የቢሮ ሥራ ይመስለኝ ነበርና።

በዚህ ሁኔታ ኮርሱ በቀጣዩ ዓመት ተጀመረ፤ ስልሳ ሁለት ተማሪዎች ተመዘገቡ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማየት የተሳነው ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጥቶ ንባቦቹን ኮምፒዩተሩ ሊያነብለት እንዳልቻለ በትሕትና ነገረኝ። ያቀረብኋቸው ገጾች ከመጻሕፍት በስካነር የተነሡ ምስሎች ስለ ነበሩ ጽሑፍ አንባቢው ሶፍትዌር ከባዶ ገጽ አይለያቸውም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ስለ ትምህርት የሚለው፣ የዩኒቨርሲቲያችንም መመሪያ ከዚያ ተቀብሎ የሚያዘው፣ ቁሳቁሱ ለተማሪው በሚሆን መልክ እንዲቀርብ ነው። ንባቦቹን በሚነበብ ጽሑፍ ለመተካት ሦስት ሳምንት ፈጀብን፤ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ተማሪው ከክፍሉ ወደ ኋላ ቀረ። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኔ ነበር፤ ንባብ ስመርጥ የማይነበበውን ትቼ የሚነበበውን መውሰድ አንድ ደቂቃ ብቻ ይጠይቀኝ ነበር። (በዚያው አጋጣሚ ከአንድ መጽሐፍ ግማሹን ያህል ቀድቼ ማሰራጨቴ ከቅጂ መብት ደንቡም ጋር እንደማይስማማ ቤተ መጻሕፍቱ አስታወሰኝ። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችን ኮርስ ስትቀርጹ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አማክሩ፤ ብዙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው የከፈለበትን ሕጋዊ ቅጂ እነርሱ ያውቁታል።)

በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ የባሰው መጣ። ተማሪዎቹን ለቃለ መጠይቅ ላሰማራ ስዘጋጅ ከሰዎች መረጃ የሚሰበስብ ማንኛውም ሥራ፣ የተማሪ ልምምድም ቢሆን፣ ከሥነ ምግባር ኮሚቴው አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት እንዳለበት ተነገረኝ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በወር አንድ ጊዜ ነው፤ ስልሳ ሁለት ተማሪ ስልሳ ሁለት ማመልከቻ ቢያስገባ መንፈቀ ዓመቱ ያልቃል። ይህ አስተያየት ከዐሥራ ሰባቱ አንዱ እንደ ነበርና እኔም «ይደረጋል» ብዬ በጎኑ እንደ ጻፍሁበት ያወቅሁት ሰነዱን መልሼ ስገልጥ ነው። ይበልጥ ያሳፈረኝ ሌላ ነገር አለ። በሦስተኛው ሳምንት ላስተምር ያዘጋጀሁት ርእስ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 በአሜሪካ በተስኪጊ የተካሄደውና የቂጥኝ ሕመምተኞች እውነቱ ተደብቆባቸው መድኃኒትም ተከልክለው የተጠኑበት ታሪክ፣ ከርሱም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 በሰዎች ላይ ስለሚደረግ ምርምር ሥነ ምግባር የወጣው የቤልሞንት ሪፖርት ስለ ፈቃደኝነት ያሰፈራቸው መርሆዎች ነበሩ። እነዚህን ላስተምር እየተሰናዳሁ ከአንድ ሳምንት በፊት ተማሪዎቼን ያለ ፈቃድ ሰው ዘንድ ልልክ ነበር።

የመስክ ሥራው በዚያ መንፈቅ ቀረ፤ ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው እንዲለማመዱና በይፋ የታተሙ ቃለ መጠይቆችን እንዲተነትኑ አደረግሁ። ይህ ራሱን የቻለ መፍትሔ ነበር፤ እዚያ ላይ ባቆም መልካም ነበር። እኔ ግን የመስክ ፕሮጀክቱ እንዲህ ካነሰ 40 በመቶ መያዙ አይገባውም ብዬ በዘጠነኛው ሳምንት ወደ 20 አወረድሁት፤ የማጠቃለያ ፈተናውን ከ40 ወደ 60 አሳደግሁ። ለክፍሉ ነገርሁ፣ እጅ ይውጣ አልሁ፣ የተቃወመ አልነበረም። የማጠቃለያ ፈተና ከግማሽ ማነስ የለበትም ሲባል ከአንጋፋ ባልደረቦቼ ደጋግሜ ሰምቼ ስለ ነበር እንዲያውም ኮርሱን ወደ ደንቡ ያቀረብሁት መስሎኝ ነበር።

ውጤት በተለጠፈ በሳምንቱ አንድ ተማሪ ይግባኝ አለ። ፕሮጀክቱን እጅግ አሳምሮ የሠራ፣ በፈተናው ግን የደከመ ተማሪ ነበር፤ እጅ በወጣበት ቀንም ታሞ ከክፍል ቀርቷል። የይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ረጅም ጥያቄ አላበዛብኝም። በመጀመሪያው ሳምንት ለተማሪዎች የሰጠሁትን የኮርስ አውትላይን ጠየቀኝ፤ ከዚያም ለውጡን ያጸደቀው ደብዳቤ የት እንዳለ ጠየቀኝ። ደብዳቤ አልነበረም። በደንቡ መሠረት የምዘና ድርሻ ኮርስ የመጨመሪያና የመቀነሻ ጊዜ ካለፈ በኋላ ያለ ትምህርት ክፍሉ የጽሑፍ ፈቃድ አይለወጥም፤ ምክንያቱም ተማሪው ኮርሱን ይዞ ለመቆየት የወሰነው ያን ድርሻ አይቶ ነው፤ ለመውጣትም አሁን ጊዜው አልፎበታል። እጅ ማውጣት ለዚህ አይበቃም፤ ውጤቱን የሚሰጠው መምህር ፊት ቆሞ «አልስማማም» የሚል ተማሪ ስንት ነው? ሁለተኛው ግኝት ደግሞ አፌን አስያዘኝ፦ አንቀጹ የሚለው የማጠቃለያ ፈተና «ከ50 በመቶ መብለጥ የለበትም» ነበር። እኛ ሁላችን እንደ ወለል የምንጠቅሰው ቁጥር ጣሪያ ኖሯል።

ውሳኔው የስልሳ ሁለቱም ተማሪዎች ውጤት በመጀመሪያው ድርሻ እንደገና እንዲሰላ፣ በዚህ የሚቀንስበት ተማሪ ካለ ግን በመምህሩ ስሕተት እንዳይጎዳ ያገኘው እንዲጸናለት ነበር። ፍትሐዊ ውሳኔ ነው። ስሌቱን በዕረፍቴ ሠራሁት።

ከጉባኤው ወጥቼ በመተላለፊያው ላይ ስቆም የካሪኩለም ኮሚቴው ጸሐፊ ወደ ቢሯቸው ጠሩኝ። ቃለ ጉባኤ በመያዝ ሃያ ዓመት ያህል የቆዩ፣ በስብሰባ ላይ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። ወንበር ሰጡኝና «የግማሹን ነገር ማን ነገረህ?» አሉኝ። ሁሉም እንደሚለው ነገርኋቸው። «ሁሉም የሚለውን ተወውና የት እንደ ተጻፈ ጠይቅ» አሉኝ፤ ቀጥለውም ከመደርደሪያቸው የድሮውን ደንብ አውጥተው አሳዩኝ። በቀድሞው ደንብ የማጠቃለያ ፈተና በእርግጥ ከግማሽ እንዳያንስ ይል ነበር፤ ተከታታይ ምዘና ሲጀመር ግን አንቀጹ ተገልብጦ ተጻፈ። ደንቡ ተለውጧል፤ የሰው አፍ አልተለወጠም።

ያን ከሰዓት ያስተማሩኝ ነገር እስከ ዛሬ ይጠቅመኛል። «ደንብ አይፈቅድም» ተብሎ የሚነገረኝ ነገር ከአራት ቦታ ሊመጣ እንደሚችል አሳዩኝ፤ የአገር ሕግ ሊሆን ይችላል፣ ሴኔቱ ያጸደቀው የዩኒቨርሲቲ ደንብ ሊሆን ይችላል፣ የትምህርት ክፍሉ የውስጥ መመሪያ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ማንም ያልጻፈው ልማድ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን አንድ መምህር ሊለውጠው አይችልም፤ ሁለተኛውን በሥርዓቱ ማስለወጥ ይቻላል፤ ሦስተኛው በአንድ ስብሰባ ይስተካከላል፤ አራተኛው «የት ተጽፏል?» ሲባል ብዙ ጊዜ በራሱ ይተናል። ከዚያም የአንቀጹን ማሰሪያ ግስ እንድመለከት መከሩኝ። «አለበት» የሚል አንቀጽና «ይችላል» የሚል አንቀጽ አንድ አይደሉም፤ «በጽሑፍ ካልተፈቀደ በስተቀር» የሚል ሐረግ ያለበት አንቀጽ ደግሞ በሩን ራሱ ከፍቶ የሚጠብቅ ነው፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ብቻ ነው የሚቀረው። በመጨረሻም የምጠቅሰው ቅጂ መቼ የወጣ እንደ ሆነ ቀኑን እንዳይ። ከእርሳቸው ዘንድ ስወጣ በእጄ የያዝሁት የደንቡ ቅጂ በሌላ ዓይን የሚነበብ ሆነልኝ፤ በየአንቀጹ ጀርባ ከእኔ በፊት ያለፈ የአንድ ተማሪ ወይም የአንድ መምህር ችግር ይታየኝ ጀመር።

ኮርሱን እንደገና ስቀርጽ የጀመርሁት ከአንድ ባዶ ገጽ ነው። በላዩ ላይ ኮርሱን የሚነኩ አንቀጾችን ብቻ በራሴ ቃል ጻፍሁ፤ የተፈቀደልኝ ሰዓት ስንት እንደ ሆነ፣ የምዘናው ጣሪያና ወለል፣ ለተማሪ ግብረ መልስ የሚሰጥበት የጊዜ ገደብ፣ የፈቃድ ጉዳይ፣ የተደራሽነት ግዴታ። ገጹ አልሞላም። ከዚያ በኋላ 135ቱን ሰዓት እንደ በጀት ቆጥሬ አከፋፈልሁ። ዐሥሩ ቃለ መጠይቅ ሦስት ሆነ፤ ንባቡ በሳምንት ወደ 30 ገጽ ወረደ፤ የየሳምንቱ ጽሑፍ ቀርቶ አራት ብቻ ተተካ። ይህን ሳደርግ ኮርሱ እንዳይሳሳ ፈርቼ ነበር፤ የሆነው ግን በተቃራኒው ነው፣ ሦስቱን ቃለ መጠይቅ ደጋግመን አዳመጥናቸው፣ ጥያቄዎቻቸውንም በክፍል አብረን ነቀስናቸው። ለሥነ ምግባር ኮሚቴውም ስለ ተማሪው ሳይሆን ስለ ኮርሱ አንድ ማመልከቻ አስገባሁ፦ ተጠያቂዎቹ ለአካለ መጠን የደረሱ ብቻ ይሆናሉ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ወንጀልና ስለ መሰል ጉዳዮች አይጠየቁም፣ ስም አይመዘገብም፣ ድምፁ ውጤት እንደ ተሰጠ ይጠፋል። በእነዚህ ገደቦች ውስጥ ለሚሠራ ተማሪ ሁሉ የሚያገለግል ፈቃድ በአንድ ስብሰባ ተሰጠኝ። ተማሪዎችን መስክ ለማውጣት ያሰበ ሁሉ ይህን መንገድ ይጠይቅ፤ ኮሚቴዎቹ ራሳቸው ስልሳ ማመልከቻ ከማየት አንድ ማየትን ይመርጣሉ።

ቅድመ ኮርሱንም ያስቀረሁት በዚሁ ጊዜ ነው። ሁለት ቅድመ ኮርሶች የጠየቅሁት ለክብር ያህል ነበር፤ ከሁለቱ አንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰጥ በእርሱ የወደቀ ተማሪ የእኔን ኮርስ ለማግኘት፣ በዚያም ምክንያት ለመመረቅ፣ አንድ ዓመት ይዘገይ ነበር።

ሌላው ትልቁ ለውጥ በጸደቀው ሰነድ ላይ ምን እንደሚጻፍ ነው። በመጀመሪያው ሰነዴ የየሳምንቱን ንባብ በየስሙ ዘርዝሬ ነበርና አንድ ጽሑፍ ለመቀየር እንኳን ወደ ኮሚቴው መመለስ ነበረብኝ። በጉባኤ የጸደቀ ነገር በጉባኤ እንጂ አይፈታም። ስለዚህ አሁን በኮርስ መግለጫው ላይ የሚሰፍረው የማይናወጠው ብቻ ነው፤ የመማር ውጤቶቹ፣ ክሬዲቱ፣ የምዘናው ዓይነትና ደንቡ በሚፈቅደው ልክ ከዚህ እስከዚህ የሚል ድርሻው። ንባቡ፣ የሳምንቱ ቅደም ተከተልና ምሳሌው በየመንፈቁ በሚወጣው የኮርስ አውትላይን ይገለጻል ብዬ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስሬዋለሁ። አውትላይኑ ለተማሪ በእጁ ከተሰጠ በኋላ ግን እርሱም ውል ነው፤ በዘጠነኛው ሳምንት አይነካም። ይህን ነጻነት እስከ ጥግ የገፋ አንድ ባልደረባዬ ውጤቶቹን ሳይቀር ደብዛዛ አድርጎ ጻፋቸውና፣ ኮርሱን ከርሱ የተረከበው መምህር ሌላ ትምህርት አስተማረበት፤ የማይላላውን ቦታ ለይቶ ማሰርም ያስፈልጋል።

ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ወጥቶ ሁሉም ሰው ሲደነግጥ ይህ አሠራር ጠቅሞኛል። ዩኒቨርሲቲው እያንዳንዱ ኮርስ በአውትላይኑ ላይ የሰው ሠራሽ አስተውሎትን አጠቃቀም በግልጽ እንዲወስን ሲያዝ፣ የምዘናው ዓይነት «የጽሑፍ ሥራ» ተብሎ በሰፊው ስለ ጸደቀልኝ ቤት የሚሠሩትን አራት ጽሑፎች ሁለቱን በክፍል ወደሚጻፍ ሥራ የቀየርሁት ያለ ማንም ፈቃድ ነው።

የተቸገርሁበት አንድ አንቀጽ ግን ነበር፤ መጥፎ ደንብም እንዳለ መሸፈን አልፈልግም። «እያንዳንዱ ኮርስ በማጠቃለያ የጽሑፍ ፈተና ይጠናቀቃል» ይል ነበር። ጥሩ ቃለ መጠይቅ አድራጊን በሦስት ሰዓት የጽሑፍ ፈተና ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ ያ ችላ ያልሁት ሠንጠረዥ ይህን ገና ከመጀመሪያው ይነግረኝ ነበር። በመጀመሪያ ለሁለት መንፈቅ የሚያገለግል ልዩ ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ተሰጠኝ። በእነዚያ መንፈቆች የተማሪዎቹን የመጨረሻ ሥራዎች፣ የግምገማ መስፈርቱንና ከሌላ ትምህርት ክፍል የመጣ ገምጋሚ በተናጠል የሰጠውን ነጥብ አጠራቀምሁ። ከዚያም እንደ እኔ የተቸገሩ አራት መምህራንን ይዤ፣ ምሬታችንን ሳይሆን የማሻሻያውን ዐረፍተ ነገር ጽፈን አቀረብን፦ «በማጠቃለያ የጽሑፍ ፈተና ወይም ከመማር ውጤቶቹ ጋር በተጣጣመ ሌላ የማጠቃለያ ምዘና»። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በሴኔቱ ጸደቀ። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን ሲያስፈርሙ ቀና ብለው አዩኝና «አሁን ቀኑን ለሰው ንገር፤ አለዚያ ከዐሥር ዓመት በኋላም ፈተና ግድ ነው ሲባል ትሰማለህ» አሉኝ።

ዛሬ በዚያው የካሪኩለም ኮሚቴ አባል ነኝ። ባለፈው ስብሰባ አንዲት አዲስ መምህርት ያቀረበችውን ኮርስ አነበብሁና ዐሥራ አንድ አስተያየት ጻፍሁበት። ከመላኬ በፊት በየአስተያየቱ ጎን የአንቀጹን ቁጥር ላስገባ ደንቡን ገለጥሁ። አራቱን የትም አላገኘኋቸውም፤ ሰረዝኋቸውና ሰባቱን ላክሁላት።